የመንገዱን ንዝረት ላብራቶሪ ውስጥ መድገም፦ ከመኪናው ቀረጻ እስከ ሼከሩ ጠረጴዛ

ላብራቶሪ ውስጥ በሼከር (ዕቃን በሚያንቀጠቅጥ ባለጠረጴዛ ማሽን) ፈተናውን ያለፈ ዕቃ መጋዘን ሲደርስ ብሎኑ ረግፎ፣ ብየዳው ተሰንጥቆ ይገኛል። ወይም በተቃራኒው መንገድ ላይ ምንም የማይሆነው ዕቃ ጠረጴዛው ላይ በ20 ደቂቃ ይፈታታል። በሁለቱም ጊዜ የመቆጣጠሪያው ስክሪን አረንጓዴ ነበር፤ የተለካው መስመር ከታለመው አልወጣም። ስህተቱ የተሰራው ከዚያ በፊት ነው፦ ሴንሰሩ የት እንደተጣበቀ፣ የትኛው ሰዓት ከየትኛው ጋር ተደምሮ እንደተካፈለ፣ ዕቃው ጠረጴዛው ላይ እንዴት እንደተቀመጠ። ስለዚህ ከዚህ በታች ካሉት ደረጃዎች ገሚሱ ሼከሩ ሳይነሳ የሚያልቅ ነው።

የምንከተለው ምሳሌ አንድ ነው። 35 ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ በካርቶንና በፎም የታሸገ የሶላር ኢንቨርተር ከጅቡቲ ወደብ ተነስቶ በጋላፊ፣ በሚሌና በአዋሽ አድርጎ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ ይገባል፤ ከዚያም በኮረኮንች ወደ ገጠር ይወጣል። የንዝረት ቁጥሮቹ ስሌቱን ለማሳየት የተወሰዱ ናቸው። የእናንተን ከራሳችሁ ቀረጻ አውጡ።

## ከመጀመራችሁ በፊት፦ ስታንዳርድ ወይስ እውነተኛው መንገድ?

ደንበኛው የሚፈልገው የማለፊያ ወረቀት ከሆነ መንገድ መቅዳት አያስፈልግም፤ የተጠየቀውን ስታንዳርድ ቃል በቃል ፈጽሙ። ለሊቲየም ባትሪ የሚጠየቀው ዩኤን 38.3 (የተባበሩት መንግሥታት የባትሪ ማጓጓዣ ፈተና) ለምሳሌ ከ7 እስከ 200 ሄርዝ ወጥቶ የሚመለስ የሳይን (በአንድ ጊዜ አንድ ፍሪኩዌንሲ ብቻ ያለው) ንዝረት በ15 ደቂቃ፣ በእያንዳንዱ አቅጣጫ 12 ጊዜ ይላል። ማንም መኪና እንደዚያ አይነዝርም፤ ፈተናው የመንገድ ምስል እንዲሆን ታስቦ አልተሰራም።

ሚል-ኤስቲዲ-810 (የአሜሪካ ጦር የመሣሪያ ፈተና ስታንዳርድ) ውስጥ ያለው የጭነት መኪና ኩርባም (ንዝረቱ በየፍሪኩዌንሲው ምን ያህል እንደሆነ የሚያሳየው መስመር) በቁም አቅጣጫ 1.04 ጂ አርኤምኤስ (የንዝረቱ አማካይ ጥንካሬ በመሬት ስበት ሲለካ) ሲሆን፣ በአንድ አቅጣጫ 60 ደቂቃው የሚወክለው 1,609 ኪሎ ሜትር የአሜሪካ አውራ ጎዳና ነው። የእናንተ ጥያቄ «ዕቃችን በዚህ መስመር፣ በዚህ ዓይነት መኪና ለምን ይሰበራል?» ከሆነ ቀረጻ ግድ ነው።

## ደረጃ 1፦ መሣሪያውን አዘጋጁ

1. ሁለት ባለሦስት አቅጣጫ አክስለሮሜትር (የንዝረት መለኪያ፤ ከዚህ በኋላ ሴንሰር) ያዙ። አንዱ ለመኪናው፣ አንዱ ለዕቃው ነው። ሦስተኛ መጠባበቂያ ቢኖር ጥሩ ነው።
2. የመለኪያ ወሰኑን ምረጡ። ለኮረኮንች ከ16 እስከ 50 ጂ የሚለካ ይበቃል። 500 ጂ የሚለካ ሴንሰር ብትወስዱ የአስፋልቱ ትንሽ ንዝረት በራሱ በሴንሰሩ ጫጫታ ውስጥ ይሰምጣል።
3. የባሌስትራ መኪና አካል ከ3 እስከ 4 ሄርዝ፣ የአየር ተንጠልጣይ ያለው ደግሞ ከ1.5 እስከ 2 ሄርዝ አካባቢ ይወዛወዛል። ስለዚህ ከ1 ሄርዝ ጀምሮ በትክክል የሚለካ ሴንሰር ያስፈልጋል። ከዜሮ ሄርዝ የሚጀምረው የካፓሲቲቭ ዓይነት እዚህ ላይ ከፒየዞው (በክሪስታል ከሚሠራው) ይሻላል።
4. መቅጃው በሴኮንድ 2,000 ናሙና በእያንዳንዱ ቻናል እንዲወስድ አድርጉ። እስከ 200 ሄርዝ ለመተንተን ከ512 በላይ ቢበቃም፣ የጉድጓድ ምት ቅርጹ ሳይቆረጥ እንዲገኝ የ200ውን አሥር እጥፍ መውሰድ ይሻላል።
5. መቅጃው ከናሙናው በፊት የሚሠራ የፀረ-አሊያሲንግ ማጣሪያ እንዳለው ማኑዋሉን አይታችሁ አረጋግጡ። ከሌለው ከፍተኛው ፍሪኩዌንሲ ታጥፎ ዝቅተኛው ላይ ይቀመጣል፤ ከተቀዳ በኋላ ደግሞ የሚያወጣው የለም።
6. የማስቀመጫ ቦታ አስሉ፦ 6 ቻናል በ2,000 ናሙና በ3 ባይት በሰዓት ወደ 130 ሜጋባይት ነው። ለ20 ሰዓት 2.6 ጊጋባይት ይሆናል። የባትሪውን ዕድሜም ለዚሁ ሰዓት ፈትኑ።
7. ፍጥነትና ቦታ የሚመዘግብ ጂፒኤስ ጨምሩ። ያለሱ «ይህ ምት የየት ነው?» ለሚለው መልስ አይኖራችሁም።

የስልክ ሴንሰር ለዚህ ሥራ አይሆንም። ናሙናው በእኩል ልዩነት አይወሰድም፣ ወሰኑ ጠባብ ነው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ስልኩ ከብረቱ ጋር አንድ አካል ሆኖ አይነዝርም።

## ደረጃ 2፦ ሴንሰሩን አስሩና አረጋግጡ

1. የመኪናውን ሴንሰር ከኋላ አክስል በስተጀርባ፣ በካሶኒው ጭራ በኩል፣ ወለሉ ሻንሲው ላይ በሚያርፍበት ተሻጋሪ ብረት ላይ አድርጉ። ብዙውን ጊዜ ክፉው ንዝረት እዚያ ነው። ጣውላው ወይም ላሜራው መሀል ላይ ካደረጋችሁ የምትቀዱት የላሜራውን ጩኸት ነው።
2. ቀለሙንና ዝገቱን ፍቁ። በብሎን ወይም በሱፐር ግሉ አጣብቁ። ማግኔት ለዚህ ፍሪኩዌንሲ ሊያገለግል ቢችልም ጉድጓድ ላይ ይንሸራተታል። ባለሁለት ፊት የስፖንጅ ፕላስተር ፈጽሞ አትጠቀሙ፤ እሱ ራሱ ስፕሪንግ ነው።
3. የዕቃውን ሴንሰር ካርቶኑ ላይ አታድርጉ። ኢንቨርተሩን ክፈቱና ትራንስፎርመሩ ከታሰረበት የብረት መሠረት ላይ አጣብቁ፤ ኬብሉን በትንሽ ቀዳዳ አውጥታችሁ ማሸጊያውን እንደ ነበረ መልሱ። ብዙዎች የሚዘሉት ይህንን ሥራ ነው። ደረጃ 9 ላይ የላብራቶሪው ውጤት ትክክል መሆኑን የሚነግራችሁ ግን ይህ ቀረጻ ብቻ ነው።
4. ኬብሉን ከሴንሰሩ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ትንሽ ለቀቅ አድርጋችሁ እሰሩት። የሚወናጨፍ ኬብል ራሱ ሲግናል ይፈጥራል።
5. አቅጣጫውን በማርከር ጻፉ፦ ኤክስ ወደፊት፣ ዋይ ወደ ግራ፣ ዜድ ወደ ላይ። ፎቶ አንሱ።
6. ከዜሮ ሄርዝ የሚጀምር ሴንሰር ከሆነ ከማጣበቃችሁ በፊት ገልብጡት፤ ንባቡ ከ+1 ወደ −1 ጂ መሄድ አለበት። ፒየዞ ከሆነ በ159.2 ሄርዝ 10 ሜትር በሴኮንድ ካሬ በሚሰጠው የእጅ ካሊብሬተር ፈትኑ። ልዩነቱ ከ2 በመቶ ካለፈ ጉዞ አትጀምሩ፤ ኬብሉን፣ ማገናኛውንና ያስገባችሁትን የሴንሲቲቪቲ ቁጥር (ሴንሰሩ በአንድ ጂ የሚሰጠውን ሚሊቮልት) ተመልከቱ።

## ደረጃ 3፦ ጉዞውን ቅዱ

የጭነቱን ክብደት፣ የጎማውን ነፋስ፣ የተንጠልጣዩን ዓይነትና ካርቶኖቹ ስንት ተደርድረው እንደተጫኑ ጻፉ። ግማሽ ጭነት የያዘ የባሌስትራ መኪና ሙሉ ከጫነው ይልቅ ያንገጫግጫል፤ ዕቃችሁ በአብዛኛው በግማሽ ጭነት የሚሄድ ከሆነ የሚቀዳውም በግማሽ ጭነት ነው።

ሹፌሩን ስለ መሣሪያው ብዙ አታስረዱ። «የሚሰበር ነገር አለ» የተባለ ሹፌር ሳያስበው ይጠነቀቃል፤ ቀረጻችሁም ከእውነተኛው ጉዞ የለዘበ ይሆናል። «እንደ ወትሮዎ ይንዱ» ይበቃል።

ቀረጻው ያለማቋረጥ ይሁን። ከተወሰነ ምት በላይ ሲሆን ብቻ የሚቀዳው አሠራር ትልልቆቹን ምቶች ይሰጣችኋል፤ ንዝረቱ ስንት ሰዓት እንደቆየ ግን አይነግራችሁም። ያለ ሰዓት ደግሞ ደረጃ 6ን መሥራት አይቻልም። እረፍት ባደረጋችሁ ቁጥር የሴንሰሩን ማጣበቂያ በጣት ነካ አድርጋችሁ ፈትሹ፤ የላላ ካለ ሰዓቱን ጻፉና እንደገና አጣብቁ።

## ደረጃ 4፦ ቀረጻውን አጽዱና ከፋፍሉ

1. መጀመሪያ ጠቅላላውን በዓይን እዩት። ጫፉ በአንድ ቁመት ላይ ተቆርጦ ጠፍጣፋ የሆነ ምት ካለ ሴንሰሩ ከወሰኑ አልፏል፤ ያ ክፍል ይጣላል።
2. በአንዲት ናሙና ብቻ ዘሎ የሚመለስ ሹል መስመር የኬብል ችግር ነው። እውነተኛ ምት ብዙ ሚሊሴኮንድ ይቆያል፣ ከኋላውም የሚደበዝዝ ውዝዋዜ ይጎትታል።
3. መኪናው የቆመበትን ሰዓት በሙሉ አውጡ። ሚሌ ላይ ለምሳ የቆመበት አንድ ሰዓት አማካዩ ውስጥ ከገባ መንገዱን ያላግባብ ያለዝበዋል።
4. የቀረውን በመንገዱ ዓይነት ለዩ፦ አስፋልት፣ የተበላሸ አስፋልት፣ ኮረኮንች።
5. የፍጥነት መቀነሻና የጉድጓድ ምቶችን ከእነዚህ አውጥታችሁ ለብቻ አስቀምጡ። መነሻ እንዲሆናችሁ፣ ጫፉ በዙሪያው ካለው አርኤምኤስ አምስት እጥፍ ያለፈውን እንደ ምት ቁጠሩት።
6. የእያንዳንዱን ክፍል ከርቶሲስ (ከአማካዩ የራቁ ምቶች ምን ያህል እንደሚበዙ የሚያሳየውን ቁጥር) አስሉ። የጋውስ (ያለ ምት ወጥ የሆነ ዘፈቀዳዊ) ንዝረት ከርቶሲስ 3 ነው። ከ3 እስከ 4 ከሆነ ቀጥሉ፤ 6 ወይም 8 ካያችሁ ውስጡ ገና ያልወጣ ምት አለ ወይም ሁለት ዓይነት መንገድ ተደባልቋል፤ ተመለሱና እንደገና ለዩ።

ጠቅላላውን ጉዞ በአንድ ላይ አስልቶ አንድ ኩርባ ማውጣት በጣም የተለመደው ስህተት ነው። ሼከሩ ያንን ኩርባ ሲጫወት 14 ሰዓት አስፋልትና ግማሽ ሰዓት ገሃነም የነበረውን መንገድ ወደ አንድ ወጥ፣ የትም ወደሌለ መካከለኛ መንገድ ይቀይረዋል። ክፉው ግማሽ ሰዓት ይጠፋል፤ ዕቃውን የሚሰብረው ደግሞ እሱ ነው።

## ደረጃ 5፦ ፒኤስዲውን አውጡ

ለእያንዳንዱ ክፍል በ2 ሴኮንድ ብሎክ፣ በሃን መስኮት (የብሎኩን ሁለት ጫፍ ወደ ዜሮ በሚያለሳልሰው)፣ በ50 በመቶ ድርርብ ፒኤስዲ (የንዝረቱን ኃይል በየፍሪኩዌንሲው የሚያሳየውን ኩርባ) አስሉ። የ2 ሴኮንድ ብሎክ 0.5 ሄርዝ ጥራት ይሰጣል። የአንዱ ነጥብ ስህተት በግምት አንድ ሲካፈል ለብሎኮቹ ብዛት ካሬ ሥር ስለሆነ፣ ወደ 10 በመቶ ለማውረድ 100 ብሎክ ያስፈልጋል። ከ200 ሴኮንድ ያነሰ ቁራጭ ላይ አትመኑ።

ኩርባው ላይ ሦስት ኮረብታ ልታዩ ይገባል፦ ተንጠልጣዩ ከ1.5 እስከ 4 ሄርዝ፣ ጎማና አክስሉ ከ10 እስከ 20 ሄርዝ፣ ከዚያ በላይ የካሶኒውና የሻንሲው። የመጀመሪያው ከሌለ ሴንሰሩ ዝቅተኛውን ፍሪኩዌንሲ አይለካም ማለት ነው። ከ1 ሄርዝ በታች ኩርባው ሽቅብ ከወጣ ደግሞ የሴንሰሩ ንባብ መንሸራተት ነው፤ በ1 ሄርዝ ማጣሪያ ቁረጡት።

ኩርባውን ወደ 10 ወይም 15 ነጥብ ባለው ቀጥታ መስመር ስታቃልሉ ኮረብታዎቹን አትላጩ፤ ሸለቆዎቹንም ሁሉ አትሙሉ። ሲያልቅ የመስመሩን አርኤምኤስ ከቀረጻው ጋር አወዳድሩ፤ ከ10 በመቶ በላይ ከጨመረ «ለጥንቃቄ» እየተባለ ብዙ ተለጥፎበታል።

## ደረጃ 6፦ ሰዓቱን አሳጥሩ

የምሳሌያችን ጉዞ እንዲህ ወጣ እንበል፦

- አስፋልት፦ 14 ሰዓት፣ 0.25 ጂ አርኤምኤስ
- የተበላሸ አስፋልት፦ 4 ሰዓት፣ 0.45
- ኮረኮንች፦ 30 ደቂቃ፣ 0.70

ደንቡ ቀላል ነው፦ አዲሱ ሰዓት እኩል ይሆናል ለአሮጌው ሰዓት ሲባዛ በ(አሮጌው ጂ ሲካፈል ለአዲሱ ጂ) በፓወር ኤም፤ ኤም የንዝረቱ ጥንካሬ ሲጨምር ጉዳቱ ምን ያህል እንደሚፈጥን የሚወስነው ቁጥር ነው። ሁሉንም ወደ 0.70 ስናመጣ፣ ኤም 5 ከሆነ አስፋልቱ 5 ደቂቃ፣ የተበላሸው 26 ደቂቃ፣ ኮረኮንቹ 30 ደቂቃ፣ በድምሩ 61 ደቂቃ ይሆናል። ኤም 2 ከሆነ ግን 107፣ 99 እና 30፤ ድምሩ ወደ 4 ሰዓት ነው።

ልዩነቱ አራት እጥፍ ነውና ኤምን በዘፈቀደ አትምረጡ። በማሸጊያ ፈተና 2 መውሰድና ጊዜውን ከ5 ለ1 በላይ አለማሳጠር የተለመደ ነው፤ ምሳሌያችን 4.7 ለ1 ስለሆነ ያልፋል። ብረትና ብየዳ ግን በድካም የሚሰነጠቁ ናቸው፤ ለእነሱ ኤም ይበልጣል፤ ሚል-ኤስቲዲ-810 ለራንደም (ዘፈቀዳዊ) ንዝረት 7.5ን ይጠቅሳል። ለታሸገ ዕቃ በ2 ጀምሩ። ካርቶኑና ፎሙ አራቱን ሰዓት መቻል አለባቸው። ብየዳ ከ61ኛው ደቂቃ በኋላ ከተሰነጠቀ ግን በ5 ስሌት ጉዞውን ጨርሷልና «ምርቱ ደካማ ነው» ብላችሁ አትፍረዱ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለ። ደረጃውን መንገዱ ላይ ከታየው ከፍተኛ አርኤምኤስ በላይ አታሳድጉ፤ ከዚያ በላይ ፎሙ ይሞቃል፣ ካርቶኑ ከጠረጴዛው መዝለል ይጀምራል፣ መንገድ ላይ የሌለ ስብራት ይመጣል። ሁለተኛ፣ ይህ ድምር የሚሠራው የሦስቱ ኩርባዎች ቅርጽ ሲቀራረብ ነው። ካልተቀራረበ እያንዳንዱን በራሱ ኩርባ ተራ በተራ አጫውቱ። ኤኤስቲኤም ዲ4169 (የታሸገ ዕቃ የማጓጓዣ ፈተና ስታንዳርድ) በ2016 እትሙ የጭነት መኪናን ፈተና 40 ደቂቃ በ0.40፣ 15 ደቂቃ በ0.54፣ 5 ደቂቃ በ0.70 ጂ አርኤምኤስ አድርጎ ከፋፍሎታል፤ ሐሳቡ ተመሳሳይ ነው።

## ደረጃ 7፦ ሼከሩ ይችላል ወይ?

ኃይል፦ የሚንቀሳቀሰውን ክብደት ሁሉ ደምሩ። አርማቸር (የሼከሩ ተንቀሳቃሽ አካል) 20፣ ሰሌዳና ማሰሪያ 45፣ ዕቃ 35፤ 100 ኪሎ ግራም። በ0.70 ጂ 687 ኒውተን አርኤምኤስ ነው፤ የሦስት ሲግማ ጫፉ (የአርኤምኤሱ ሦስት እጥፍ) 2,060። ከሼከሩ የራንደም አቅም 80 በመቶ አትለፉ።

እርምጃ (ጠረጴዛው የሚሄደው ርቀት)፦ ብዙዎች እዚህ ላይ ይያዛሉ። በ3 ሄርዝ 0.5 ጂ የሳይን ንዝረት ከጫፍ እስከ ጫፍ 27.6 ሚሊ ሜትር ይጠይቃል። 25 ሚሊ ሜትር ብቻ የሚሄድ ኤሌክትሮዳይናሚክ (በኤሌክትሮማግኔት የሚሠራ) ሼከር ይህንን አይችልም። ሶፍትዌሩ ለራንደም ኩርባችሁ የሚያሰላውን የሦስት ሲግማ እርምጃ እዩ። ካለፈ ያላችሁ ምርጫ ሰርቮ ሃይድሮሊክ (በዘይት ግፊት የሚሠራ) ጠረጴዛ መፈለግ፣ ወይም ኩርባውን ከ5 ሄርዝ ማስጀመርና ሪፖርቱ ላይ በግልጽ መጻፍ ነው። ኩርባውን በሙሉ በእኩል ዝቅ አድርጎ «አለፈ» ማለት አይቻልም።

## ደረጃ 8፦ አስቀምጡ፣ እሰሩ፣ አስነሱ

1. ሰሌዳውን ያለ ዕቃ በትንሽ መዶሻ ምቱና ሬዞናንሱን (በራሱ አብዝቶ የሚነዝርበትን ፍሪኩዌንሲ) ለኩ። እስከ 200 ሄርዝ ለሚሄድ ፈተና ከ300 በታች ከሆነ ወፍራም የአሉሚኒየም ሰሌዳ ወይም ተጨማሪ ብሎን ያስፈልጋል።
2. ብሎኖቹን በቶርክ መፍቻ፣ የሼከሩ አምራች በሰጠው ልክ፣ ከመሀል ወደ ዳር እያፈራረቃችሁ አጥብቁ። ከመጀመሪያው የ5 ደቂቃ ንዝረት በኋላ እንደገና ለኩ።
3. የታሸገውን ዕቃ በገመድ ወይም በክላምፕ አትጠፍሩት። መኪናው ላይ ነፃ ሆኖ ከተጫነ ጠረጴዛው ላይም ነፃ ይሁን። በአራቱ ጎን 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ያለው አጥር ሥሩ፤ ወደ ላይ መዝለሉን ምንም አይከልክለው።
4. መኪናው ላይ አራት ካርቶን ተደራርቦ ከነበረ ጠረጴዛው ላይም አራት ደርድሩ። በላዩ ጠንካራ ብረት መጫን አይተካውም፤ ካርቶኖቹ እርስ በርስ የሚያደርጉትን መጋጨት ብረት አያደርገውም።
5. የመቆጣጠሪያውን ሴንሰር ካርቶኑ ጠርዝ አጠገብ ሰሌዳው ላይ አጣብቁ። ሁለት ወይም አራት ሴንሰር አማካይ ብትወስዱ እያንዳንዱንም ለየብቻ ተመልከቱ፤ የአንዱ ማነስ የሌላውን ከመጠን ማለፍ ይሸፍናል።
6. የሴንሲቲቪቲ ቁጥሩን ሁለት ሰው ያንብበው። 10 ሚሊቮልት በጂ የሆነውን ሴንሰር 100 ብላችሁ ካስገባችሁ መቆጣጠሪያው አንድ አስረኛ እያነበበ ጠረጴዛውን በአሥር እጥፍ ያንቀጠቅጠዋል።
7. ጥራቱን 400 መስመር እስከ 200 ሄርዝ አድርጉ፤ ከቀረጻው 0.5 ሄርዝ ጋር ይገጥማል። ማስጠንቀቂያውን በ3 ዲሲቤል፣ ማቆሚያውን በ6 ዲሲቤል አድርጉ።
8. መጀመሪያ እውነተኛውን ዕቃ አታስቀምጡ። እኩል ክብደት ያለው ውድቅ ምርት አስቀምጣችሁ በ−12፣ −9፣ −6፣ −3 እና 0 ዲሲቤል እያንዳንዱን 30 ሴኮንድ አስኬዱ። −6 ዲሲቤል የጂውን ግማሽ፣ የፒኤስዲውን ሩብ ነው። ሁሉም ሲረጋጋ እውነተኛውን አስገቡና ከ−12 ጀምሩ።
9. በቁም አቅጣጫ ጀምሩ፤ በመኪና ንዝረት አብዛኛው ጉዳት እሱ ነው። ከዚያ በተንሸራታች ጠረጴዛ የጎኑንና የፊት ኋላውን፣ እያንዳንዱን በራሱ ኩርባ።

ጠረጴዛው በሚሠራበት ጊዜ እጅ አታስገቡ፤ የጆሮ መከላከያ አድርጉ። የልብ ምት ማስተካከያ ያለው ሰው ኤሌክትሮዳይናሚክ ሼከር አጠገብ አይቁም። ዕቃው ሊቲየም ባትሪ ካለው ሙቀቱን በሴንሰር ተከታተሉ፤ በሩ አይቆለፍ።

መብራት የሚቆራረጥ ከሆነ መቆጣጠሪያውንና ኮምፒውተሩን ዩፒኤስ ላይ አድርጉ። መቆጣጠሪያው በድንገት ሲጠፋ የሚፈጠረው ምት አርማቸሩን ከማቆሚያው ጋር ሊያጋጨው ይችላል። ፈተናው ሲቋረጥ የሄደውን ደቂቃ ጻፉና ከቀረው ቀጥሉ፤ ከዜሮ አትጀምሩ፤ ዕቃው ያየው ንዝረት አይረሳም።

### ምቶቹን ለብቻ

ከደረጃ 4 ያወጣችኋቸውን ምቶች በሞገዱ ቅርጽ እንዳለ አጫውቱ። 30 ሴኮንድ ያህል ቁራጭ ምረጡ፣ ከ2 ሄርዝ በታች ቁረጡ፣ ሁለቱን ጫፍ ወደ ዜሮ አለሳልሱ። በዝቅተኛ ራንደም የጠረጴዛውን ትራንስፈር ፈንክሽን (ለተላከለት ሲግናል በየፍሪኩዌንሲው የሚሰጠውን ምላሽ) ለኩ፣ በእሱ ተገልብጦ የተሰላውን ድራይቭ (ወደ ሼከሩ የሚላከውን ሲግናል) በ25፣ በ50፣ በ100 በመቶ አስኬዱ። በእያንዳንዱ ዙር የስህተቱን ግማሽ ብቻ አርሙ፤ በሙሉ ካረማችሁ ይወዛወዛል። የስህተቱ አርኤምኤስ ከ10 በመቶ በታች ሲሆን አቁሙ። ይህ ሁሉ ዙር በውድቅ ምርት ላይ ይሁን፤ ካልሆነ ዕቃው ፈተናው ሳይጀመር ግማሽ ዕድሜውን ጨርሷል።

## ደረጃ 9፦ ከመንገዱ ጋር አመሳክሩ

ደረጃ 2 ላይ ትራንስፎርመሩ ሥር ያጣበቃችሁት ሴንሰር እዚህ ይፈለጋል። በዚያው ቦታ ሴንሰር አጣብቃችሁ በላብራቶሪው የዕቃውን ፒኤስዲ ለጠረጴዛው አካፍሉ፤ ከመንገዱ ጋር ጎን ለጎን ሣሉት። ማወዳደሩ በተመሳሳይ አርኤምኤስ ይሁን፤ ፎም ንዝረቱ ሲበረታ ስለሚለሰልስ ሬዞናንሱ ይወርዳል፤ በተለያየ ደረጃ ማወዳደር ትርጉም የለውም።

መንገድ ላይ 14 ሄርዝ የነበረው ኮረብታ ላብራቶሪ ውስጥ 18 ላይ ከታየ ዕቃው ጠንከር ብሎ ተይዟል፤ አጥሩ ካርቶኑን ነክሶት ይሆናል፣ ፎሙ ገና አዲስ ስለሆነም ሊሆን ይችላል። ፍሪኩዌንሲው ተመሳሳይ ሆኖ ቁመቱ ከበለጠ በላዩ የነበሩት ካርቶኖች መቅረታቸውን እዩ። እነዚህ ሳይስተካከሉ የአራት ሰዓቱን ፈተና አትጀምሩ።

ሌላው ማመሳከሪያ ስብራቱ ራሱ ነው። ከመንገድ የተመለሰው ዕቃ ትልቁ ካፓሲተር ሥር የተሰነጠቀ ብየዳ ካሳየ፣ የላብራቶሪውም እዚያው ሊሰነጠቅ ይገባል። መንገዱ ብየዳ ሰንጥቆ ጠረጴዛው ፎም ካቀለጠ የምትደግሙት ሌላ ነገር ነው።

## ሲበላሽ ምን ታደርጋላችሁ?

ሲነሳ ወዲያው ይቆማል። የመቆጣጠሪያው ሴንሰር ላልቷል ወይም ኬብሉ ተቆርጧል። የአምፕሊፋየሩን ጌይን ከመንካታችሁ በፊት ሴንሰሩን በጣት መታ አድርጋችሁ ስክሪኑ ላይ ምላሽ መኖሩን እዩ።

50፣ 100 ወይም 150 ሄርዝ ላይ ሹል መስመር አለ። የመብራቱ ነው። ሼከሩ ጠፍቶ ኬብሉ ብቻ ተሰክቶ ከቀጠለ የመሬት ዑደት (በመሣሪያዎቹ የመሬት መስመሮች መካከል የሚዞር ኤሌክትሪክ) ነው፤ ሴንሰሩን ከብረቱ በማይመራ መሠረት ለዩ፣ ሁሉንም መሣሪያ ከአንድ ሶኬት አስነሱ።

አንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ጎድጓዳ አለ፣ መቆጣጠሪያው ሊሞላው አይችልም። የመቆጣጠሪያው ሴንሰር ሰሌዳው በዚያ ፍሪኩዌንሲ በማይንቀሳቀስበት ነጥብ ላይ ነው። ድራይቩ እዚያ ላይ እየጨመረ ሌላው የሰሌዳው ክፍል ከመጠን በላይ ይመታል። ሴንሰሩን 5 ሴንቲ ሜትር አዛውሩ።

ከ100 ሄርዝ በላይ ሁሉም ከፍ ብሏል፣ ማውረድ አልተቻለም። የሆነ ነገር እያንኳኳ ነው። አቁሙና ብሎኖቹን ለኩ፣ ሮንዴላ የጎደለበት ካለ እዩ። ምክንያቱ ካርቶኑ ራሱ መዝለሉ ከሆነ ግን እውነተኛ ነው፤ የመቆጣጠሪያውን ሴንሰር ካርቶኑ ከሚያርፍበት ትንሽ አርቁት።

አርኤምኤሱ ትክክል ነው፣ መስመሩ ግን ወጣ ገባ ነው። አማካዩ ገና አልተረጋጋም፤ አንድ ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያም ካልተስተካከለ የዕቃው ሬዞናንስ ከ0.5 ሄርዝ ጠባብ ሊሆን ይችላል፤ መስመሮቹን ወደ 800 አሳድጉ።

ሦስት ሲግማ ላይ እየተቆረጠ ነው። ራንደም ንዝረት በተፈጥሮው አንዳንዴ ከዚያ ያልፋል፣ መንገድ ደግሞ ይበልጣል። ሼከሩ ኃይልና እርምጃ ካለው ወደ 4 ወይም 5 ሲግማ ክፈቱት። ከሌለው እንደተቆረጠ ከፈተናው ኩርባ፣ ከሴንሰሮቹ ፎቶ፣ ከቶርኩ መዝገብና ከዕቃው መለያ ቁጥር ጋር በአንድ ፋይል አስቀምጡ።